ምርቃቴን የመለሰልኝ ጌታ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ አልመለስም። ክብር ለስሙ! «አሜን» ስትሉ ግን ቀስ በሉ፤ የቀበሌው ጥበቃ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ስንጸልይ ከሰማ ያሳስረናል።

ያኔ የምንኖረው ትክል ድንጋይ ከተማ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዓይነ ምድሬ ጋር ደም ይወርድ ነበር። ለሰው መንገር አፈርኩ። የኮሶ ትል ነው ብዬ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጣሁ፤ ባሰብኝ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ወደቅኩ። ባለቤቴ በማኪና ጎንደር ሐኪም ቤት አደረሰኝ።

ሐኪሙ ሸጋ ልጅ ነው። «እናቴ፣ ትልቁ አንጀትዎ ላይ ካንሰር አለ» አለኝ።

«ምን አድርጌ?»

«ምንም አላደረጉም። በአንጀታችን ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ ጆሮ የመሰለ ነገር አላት። ‹እደጊ› የሚል መልእክት መጥቶ ጆሮዋን ሲነካ ታድጋለች፣ ትባዛለች። መልእክቱ ሲቆም ታርፋለች። የእርስዎ ሕዋስ ጆሮ ግን የተበላሸ ይመስለኛል፤ ማንም ሳይጠራት ‹እደጊ› ሲባል ትሰማለች። ሊቃውንቱ ይህን ገና አሁን እየደረሱበት ነው፤ ያን ጆሮ የሚዘጋ መድኃኒት የለንም። ያለን ቀዶ ጥገና ነው።»

ያች «እደጊ» የምትል ቃል ወጋችኝ። የመጨረሻ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። እጄን ስታስታጥበኝ ሁልጊዜ «እደጊ ተመንደጊ» እላት ነበር፤ እናንተስ ትሉ የለ? አሁን ግን ፈራሁ። በእሷም ሆድ ያለችውን ሕዋስ የምጠራባት መሰለኝ።

በማግስቱ ከአባቷ ጋር መጣች። አስታጠበችኝ። ሳልመርቃት እጄን በነጠላዬ አደረቅኩ። ማስታጠቢያውን ይዛ ቆመች።

«እማዬ፣ ምነው? ውሃው ቀዘቀዘሽ?»

«አልቀዘቀዘኝም።»

«እንግዲያስ መርቂኛ!»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከጎኔ የተኛችው ሴት የአይከል ሰው ናት፤ እግሯ ተሰብሯል። ጌታን ታውቃለች። «አንቺ ሴት፣ ምነው ልጅቷን አስቆምሻት?» አለችኝ። የሐኪሙን ቃል ነገርኳት። በዚያ ሕመሟ ሳቀች!

«ሐኪሙ እውነቱን ነው። ልጅሽን የሚያሳድጋት ግን ያንቺ አፍ መሰለሽ? ‹እደጊ› የሚልም ‹ይበቃል› የሚልም ጌታ ነው። ነይ፣ እሱን እንጥራው።»

እስከዚያ ቀን እግዚአብሔርን የማውቀው እንዳይቆጣኝ በመፍራት ብቻ ነበር። በዚያች አልጋ ላይ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እኔም ልጄም ያንተ ነን» አልኩ። ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ስሙ ይባረክ!

ልጄን ጠራኋት፤ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። «እደጊ፣ ተመንደጊ።»

«አሜን! ዘገየሽ እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሐኪሙ «ያየሁትን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል» አለኝ። ይኸው ስድስት ዓመት! ሃሌ ሉያ! ያን ልጅ ጌታ እጁን ይባርክለት።

ወገኖቼ፣ ደም ያየ እንደኔ አይደብቅ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። ፍርሃታችሁን ደግሞ ለጌታ ስጡት፣ እመኑት። ልጄ ይቻት፣ ቁመቷ በልጦኛል። ዛሬም አስታጥባኝ ቆማ ትጠብቃለች። እኔም አላዘገይባትም።