ቁጥሩን ማን ነው የሚያየው?

የተያዝኩት ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ፣ መድኃኒት ቤት በር ላይ ነው። ያ የኮሮና በሽታ በነበረ ጊዜ ስልክሽ ጤነኛ መሆንሽን በአረንጓዴ ካላሳየ የትም አያስገቡሽም። አፑ ደግሞ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ አይከፈትም። እኛ አብረን የምንኖር አራት ሴቶች የአንዲት ባለፈቃድ ሴት አረንጓዴ ፎቶ አንስተን፣ ያንኑ ይዘን ነበር የምንዞረው። ልጄን ትኩሳት ይዟት መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ዘበኛው ፎቶውን አየና ሳቀ። ፎቶው ላይ ያለው ቀንና ሰዓት የትናንት ነበር።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ወለሉ የታጠበበት ክሎሮክስ ዓይን ያቃጥላል። እንዴት እንደተያዝኩ ስነግራቸው አንዷ የወሎ ሴት፣ "ወይ ጉድ! በፎቶ ጤነኛ ነሻ!" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን መረመሩን። በሽታው እኔ ላይ ተገኘና ብቻዬን ወደ ኮሪደሩ አወጡኝ። አንዲት ነርስ ታብሌት ይዛለች፤ አንድ ወታደር ሲይዙኝ የቀሙኝን ስልኬን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

"ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ስልክሽን ክፈቺና ቁጥራቸውን ልመዝግብ። መመርመር አለባቸው" አለችኝ ነርሷ።

የሦስት ዓመት ልጄ እዚያ ቤት ነበረች። የምትይዝልኝ ጓደኛዬ አስም አለባት። ካልነገርኳቸው በሽታው ሊጨርሳቸው ነው። ቁጥሩን ከሰጠሁ ሹርጣ፣ ፖሊሱ ማለት ነው፣ ቤቱን ይከባል፤ ልጄ በማን እጅ እንደምትወድቅ አላውቅም።

"ቁጥሩን ማን ነው የሚያየው?" አልኳት፣ ያለችኝን ዓረብኛ ሰብስቤ።

"ጤና ብቻ።"

"እሱስ?" ወታደሩን በአገጬ አሳየኋት።

ታብሌቷ ላይ አቀረቀረች።

"እኔው በአፌ ልንገራቸው።"

"ኸላስ! በቃ! ትክፈተው!" አለ ወታደሩ፣ ስልኬን ይዞ እየመጣ።

"ታማለች፤ አትጠጋ" አለችው ነርሷ። ወደ ኋላ ሸሸ። የራሷን ስልክ ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ ሰጠችኝ።

የጓደኛዬን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልጄን ትቼ በወጣሁ ቁጥር መንገዱን ሁሉ ስደግመው ነው የምሄደው።

"እኔ ነኝ። በሽታው ይዞኛል። ልጄን ለሌሎቹ ስጫትና አንቺ ራቅ በይ። መስኮት ክፈቱ። ትንፋሽ ካጠረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።"

"በየትኛው አረንጓዴ ልግባ?" አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ቁጥሩን ከስልኳ አጠፋሁት። ሻሼን ግድግዳው ላይ ባለው የእጅ ማጽጃ አርሼ የስልኩን ፊትና ጀርባ ወለወልኩና ለነርሷ መለስኩላት። የእኔን ግን አልከፈትኩም።

ወደ አገሬ ከመለሱኝ ወዲህ ደሴ አጠገብ ነው የምኖረው። ልጄን ያቺው ጓደኛዬ ከወራት በኋላ ይዛልኝ መጣች። እሷም ታማ ነበር፤ ያለ ሐኪም፣ ቤት ተኝታ ነው የዳነችው። ባትድን ኖሮስ እላለሁ አንዳንዴ። አላውቅም።

ባለፈው ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መዝጋቢዋ ኮምፒውተር ላይ ልታስገባ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ።

"ማን ነው የሚያየው?" አልኳት።

"እትዬ ደግሞ! ማን ያየዋል ብለው ነው?" ብላ ሳቀች።

ከኋላዬ የተሰለፉት አጉረመረሙ። ቆሜ ጠበቅኳት። ሳቋን ስትጨርስ ማን ማን እንደሚያየው አንድ በአንድ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ቁጥሬን ሰጠኋት።