ዴቦዴ ማን ናት?

ትናንት ከቱሉ ዲምቱ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንድ ሕፃን «ዴቦዴ» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁና ልቤ አቃቂ፣ አያቶቼ ቤት ገባ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡት አባባ ሰው መለየት ተስኗቸው ነበር። እማማን ሳይቀር «እሜቴ፣ ቤትዎ የት ነው?» ይሏቸዋል። ቀስ በቀስ አማርኛውም እየራቃቸው ሄደ። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምረው «ዴቦዴ፣ ዴቦዴ» ማለት ያዙ።

እማማ ጠረጠሩ።

«ዴቦዴ የምትባለው ሴት ማን ናት? አርባ ዓመት ደብቀውኝ ኖረው ዛሬ አፍዎ አወጣት!»

ሳጥናቸውን በረበሩ፣ የኮታቸውን ኪስ ገለበጡ። እኔም ሴትየዋ ትመጣ እንደሆነ ብዬ በር በሩን አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አቶ ቱፋ ሊጠይቋቸው መጡ።

«ኧረ እትዬ፣ ውሃ ጠማኝ ነው እኮ የሚሉት! በኦሮምኛ።»

«ኦሮምኛ? አንድም ቀን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም!»

«የልጅነት ቋንቋቸው ይሆናላ።»

አባባ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ሳያርፉ ጠጡ። እማማ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበሏቸው። ከዚያ አቶ ቱፋን የጠየቋቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«‹እኔ ሚስትዎ ነኝ› በኦሮምኛ እንዴት ነው የሚባለው?»