በሃያ ካሬ የተሳለ አደይ

የታሰርኩ ቀን እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። ለክረምት ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ዶሮ እየሳልኩ ነው ፖሊሶች የመጡት፤ ዶሮው እግር ሳይወጣለት ቀረ። ጣቢያ ደርሰን አሻራ ሊያነሱኝ ጣቴን ቀለም ቢያስነኩት፣ ጠመኔና ቀለም ተለውሶ ጭቃ ሆነ። "ሂጂ ታጠቢና ተመለሽ" አለኝ መዝጋቢው። ቧንቧው ጋ ሄድኩ፤ ጠብታ የለም። የታሰርኩት ደግሞ ስለ ከተማችን ውሃ ስልኬ ላይ በለጠፍኳት ጽሑፍ ነበር። ሳቄ መጣብኝና ዋጥኩት። አሁን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሴትና አራት ልጆች ነበሩ። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ኖራ። የተጠቀለለ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ የሳሙናና የሕፃን ሽንት ሽታ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከእናቷ ጎን ተነስታ መጣችና እጄን አገላብጣ አየችው።

"ቲቸር ነሽ?"

"ነኝ።"

"ስዕል ታስተምሪያለሽ?"

ገና አረፍ እንኳ አላልኩም። ልጅቷ ግን የምትጠይቀው ለጨዋታ አልነበረም። እናትና አባቷ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የድሬ ጠያራ ገበሬዎች ናቸው፤ የሚፈለግ ዘመድ አሳድራችኋል ተብለው በአንድ ቀን ተያዙ። እሷን የሚይዝላቸው ሰው ስላልነበረ ከእናቷ ጋር ገባች። አባቷ ከግንቡ ወዲያ፣ ወንዶቹ ግቢ ነው። ማለዳ ማለዳ ሲያስል ይሰማል። እናትየዋ ሳሉን ስትሰማ "አልሃምዱሊላህ" ትላለች፤ የቀኑ ወሬያቸው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱም ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ቢያውቁም ደብዳቤ አይሻገርም። ልጅቷ አባቷን ካየች ሦስት ወር ሆኗታል። አሁን ግን የጣቢያው ኮማንደር ለእንቁጣጣሽ ፈቅዷል፤ ልጆቹ እንደ ከተማ ልጅ ስዕል ይዘው ወንዶቹ ግቢ ይገባሉ፣ እየሰጡም እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ።

"ስዕል የሌለው አይገባም ተብሏል" አለችኝ እናትየዋ። "እሷ ደግሞ ትስልና ትቀድደዋለች፣ ትስልና ትቀድደዋለች። ያ ረቢ! ወረቀት ጨረሰች።"

"በዓሉን ታከብሩታላችሁ እንዴ?" አልኳት።

"የኛስ መውሊድ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ይመጣል። ለአባቷ ከሆነ ግን የናንተንም እናከብራለን፣ ምን ገዶን!" ብላ ሳቀች።

"እጄ አይችልም" አለች ልጅቷ።

እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እጄ አይችልም ለሚል ልጅ ካሬ ማስመር ነው። አንዲት ደግ ሳጅን ጀርባቸው ያልተጻፈባቸው አሮጌ ቅጾች አመጣችልን። የነበረችንን አንድ እርሳስ ሦስት ቦታ ቆረጥናት፤ ማስመሪያችን የጥርስ ሳሙና ካርቶን ነበር። አንድ እጅ እቅፍ አደይ አበባ ይዞ የሚያሳይ ስዕል ሳልኩና ላዩ ላይ ሃያ ካሬ አሰመርኩ። ወደ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ወደ ታች ከአንድ እስከ አምስት። ባዶው ወረቀት ላይም እንዲሁ፣ ካሬዎቹን ብቻ ሰፋ አድርጌ።

"አበባ እንዳትስይ" አልኳት። "እጅም እንዳትስይ። ሐ3 ውስጥ ያለውን መስመር ብቻ ሳዪ፤ ሌላውን በመዳፍሽ ሸፍኚው።"

ሳለች። ቀጥላ ለ4ን ሳለች። መዳፏን ስታነሳ ግማሽ አበባ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። እልል ያለችው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ እንቅልፍ የለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ካሬ ያዙ። አንዲት አሮጊት "መ2ን ማነው የወሰደብኝ?" እያሉ ይጮሃሉ። እኔም እስረኛ መሆኔን የምረሳበት ጊዜ ነበረኝ፤ ይቅር ይበለኝና ደስ ይለኝ ነበር።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ፍተሻ መጣ። ከፍራሽ ሥር ገና ያላለቁት ወረቀቶች ተለቀሙ፤ እዚህ አንድ ክብ፣ እዚያ አንድ መስመር፣ ዳርዳሩን ፊደልና ቁጥር። እኔም ተጠራሁ።

ኮማንደሩ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ቦታው ግን ቦታ ነውና አንቱ አልኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንቁጣጣሽ ነው።"

"እንቁጣጣሽ ፊደልና ቁጥር ምን ያደርግለታል?" እስክሪብቶውን ሐ3 ላይ አሳረፈ። "ይሄ ክብ የውሃ ታንከሩ ነው። ይሄ ረጅሙ የኋላው አጥር። የገዛ ግቢዬን የማላውቅ መሰለሽ?"

"ክቡ የአበባው እምብርት ነው፤ ረጅሙ ደግሞ አውራ ጣት።"

"እሱ ሽፋን ነው" አለ። "ላዩ አበባ፣ ውስጡ ካርታ። በዓሉ ቀርቷል፤ ልጆቹም አይሻገሩም።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኸው ሰማሁ። ለራሴ አልፈራሁም፤ የባሰ ምን ይመጣል? ያቺ ልጅ ግን በኔ ብልጠት አባቷን ልታጣ ነው። እንደ ሌላው ልጅ ዝም ብላ ብትሞነጫጭር ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር። አፌ አመለጠኝ።

"እርስዎ ራስዎ ይሳሉታ! ሞዴሉን ሳያዩ፣ ልጅቷ በፊደሉና በቁጥሩ እየነገረችዎ ይሳሉ። ካርታ ከሆነ ካርታ ይወጣልዎታል።"

"እኔ? እኔ እንኳን አበባ ዱላም ስዬ አላውቅ!"

"እንዲያውም ይሻላል። የምፈልገው የማይችል ሰው ነው።"

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳጅኗን ጠርቶ ልጅቷን አስመጣት። ከተለቀሙት ውስጥ ባዶ ካሬ ወረቀት መዝዤ ሰጠሁት፤ እሱም ከመሳቢያው ቂጡ ላጲስ ያለው እርሳስ አወጣ። ልጅቷ ሞዴሉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ደብቃ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯ መሬት አይደርስም።

"ሀ1 ባዶ ነው፣ እለፈው። ለ1፤ ከታች ጥግ ጀምርና እንደ ሆድ ንፋው። አይደለም! መስመር አለፍክ። አጥፋ!"

ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛዋ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ሳጅኗ ደንግጣ "አንቱ በያቸው እንጂ!" አለቻት።

"እሺ። አንቱ፣ አጥፋ።"

ኮማንደሩ አጠፋ። ቆቡን አውልቆ አስቀመጠ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ላቡ ችፍ አለ። ሐ3 ላይ ሲደርስ ክቡን አከበበና ቀና ብሎ አየኝ፤ ወደ ወረቀቱም ተመለሰ። መጨረሻ ላይ መ5ን ጨርሶ ወረቀቱን አነሳው። አደይ አበባ የያዘ እጅ። ትንሽ ያበጠ እጅ ነው፤ ግን እጅ ነው።

"እኔ ነኝ የሳልኩት?"

"ሌላ ማን አለ?" አለችው ልጅቷ።

ለረጅም ጊዜ አየው። "አውራ ጣቱ ወፍሯል አይደል?" አለኝ።

"በጣም ወፍሯል" አልኩት። መምህር ነኝ፣ ምን ላድርግ? ሳቀ፤ ሳጅኗም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። የኛን ወረቀቶች መለሰልኝ፤ የራሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተ። "ፊደልና ቁጥሩ ይጥፋ፣ መስመሩ ይቆይ። ልጆቹም ይሻገሩ" አለ። እኛ ላጲስ ስላልነበረን እዚያው በጠራራ ፀሐይ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ፈትገን አጠፋነው።

የበዓሉ ዕለት ልጆቹ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ ታጥበው ተሰለፉ። የተፈቀደላቸው ሃያ ደቂቃ ነው። ሌሎቹ ተመለሱ፤ የኛዋ የለችም። እናትየዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ቆመች። "ምን አደረጓት? ያ ረቢ፣ ምን አደረጓት?" ትላለች። አርባ ደቂቃ ሆነ። በሩ ሲከፈት ልጅቷ ሌላ ወረቀት ይዛ ገባች።

"ምን ላድርግ" አለች ሳጅኗ፣ ልክ እኛ የተቆጣናት ይመስል። "ስዕሏን ሰጠችው፣ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ከዚያ ባዶ ካሬ ወረቀት ከእጅጌዋ አወጣችና ሳል አለችው። እርሳሱን እንደ ማጭድ ጨበጠው። ትምህርት ላይ ሆነው እንዴት አድርጌ ላቋርጣቸው?"

ልጅቷ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠች። "አባ ነው የሳለው። ላንቺ ነው ብሏል።"

እናትየዋ በሁለት እጇ ተቀበለችና ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላ ተከተለችው።

"እጁ ነው" አለች። "ወላሂ፣ የሱ እጅ ነው። እዚህ ጋ ተንቀጥቅጧል። እዚህ ጋ ደግሞ ደፍሯል።" ሦስት ወር ሙሉ ስታለቅስ ያያት የለም ይሉኝ ነበር። ያን ቀን አለቀሰች፤ እኛም እልልታውን አቀለጥነው።

ስዕሉን በጥርስ ሳሙና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ ተረኛዋ ሌላ ጠባቂ ነበረች። "ግድግዳ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው። አውርጂ" አለቻት።

እናትየዋ ተነስታ ስዕሉ ፊት ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"የባሌ ደብዳቤ ነው" አለች። "አላወርድም።"

ጠባቂዋ ስዕሉን አየች፣ እሷን አየች፣ እንደገና ስዕሉን አየች። ከዚያ "እንግዲያው ከበሩ ጀርባ አድርጊው፣ በሩ ሲከፈት እንዳይታይ" ብላ ወጣች።

ከነሱ በፊት ተፈታሁ። በኋላ እነሱም ተፈተው አገራቸው እንደ ገቡ ሰማሁ። እኔ በአሮጌው የጀጎል ግንብ ውስጥ ወደ ነበርኩበት ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ፤ ስለ ውሃም መጻፌን አልተውኩም። አንድ ነገር ብቻ ተበላሽቶብኛል፦ ስዕል ማረም። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳና ያ የልጅቷ አባት የሳለው አደይ ይመጣብኛል፤ ሰባት ቅጠል፣ አንደኛው ከካሬው ወጥቶ የተንጠለጠለ፣ እጁ እግር የሚመስል። ከአሥር ስንት ይሰጠዋል? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።