ስምንት ሰዓት ተኛ ብዬ የጻፍኩት

ሰሞኑን አንድ ምሁር የእንቅልፍ ምርምር ወደፊት ወዴት ማምራት እንዳለበት በሬዲዮ ሲተነትን ሰማሁ። ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው፣ የሌሊት ሠራተኛ ቀን ሲተኛ ያ ሰዓት ይዛባል፣ ነገሩ ገና ብዙ ጥናት ይፈልጋል አለ። ሳቄ መጣ። ይህንንማ በጃንሆይ ዘመን ድሬዳዋ መጥቶ እኔን ቢጠይቀኝ በነገርኩት ነበር።

ባሌ የክር ፋብሪካ የሌሊት ተራ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ይመጣና ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይጋደማል። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው በሙቀት መንጣጣት ይጀምራል። አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክሬ ባለብሰው ሳይገላበጥ ይደርቃል። ዐይኑ ደም መስሎ ይነሳል። የቀን ተራ ካላገኘ አንድ ቀን ማሽን ላይ ይደፋል ብዬ እፈራ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ የውጭ አገር ሐኪም የሌሊት ሠራተኞችን እንቅልፍ ሊያጠና መጣ። ከዚራ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ማራገቢያ ያለው ቪላ ሰጡት። ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲያሸልብ እሱም ያሸልባል። ቀን መተኛት ምን ችግር አለው ቢል አይፈረድበትም። የማንንም ቤት አላየም፤ ቅጽ በተነ። ለስንት ሰዓት ያህል ተኛህ? ሥራ ላይ ያንጎላጅሃል? ይላል ቅጹ። የሚያድለውና የሚሰበስበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ካቦው! ሥራ ላይ ያንቀላፋን ሁሉ የሚያባርረው ራሱ ካቦው! ያን ሁሉ ዓመት የተማረ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል? ምርምሩ ወደፊት መሄድ ካማረው መጀመሪያ ቅጹን የሚሰበስበውን ሰው ይቀይር።

ባሌ መጻፍ አይችልም፤ የሞላሁለት እኔ ነኝ።

«እውነቱን ልጻፍ፤ ሦስት ሰዓት እንኳ አትተኛም» አልኩት።

«አቦ፣ ልታስባርሪኝ ነው? ስምንት ሰዓት በይ። አያንጎላጀውም በይ።»

ጻፍኩ። የሰፈሩ ሠራተኛ ሁሉ እንደዚያው አስጻፈ። አንዱ ጎረቤታችን ስምንት እንዳያንስበት ሰግቶ ዘጠኝ አስሞላ። ሐኪሙም የድሬዳዋ ሠራተኛ ከሌሊት ሥራ ጋር በደንብ ተስማምቷል ብሎ ጽፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል፤ እሱም፣ ውሸቱን የጻፍኩት እኔም።

ወር ሳይሞላ ባሌ ማሽኑ ላይ ሊደፋ ሲል ጓደኛው ጎትቶ አዳነው። በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቄ በቀጥታ ወደ ቢሮ ወሰድኩት፤ የቀን ተራ እንዲሰጡት ለመንኩ። ጸሐፊው ፋይል ገልጦ ሐኪሙ ለፋብሪካው ትቶት የሄደውን ቅጽ አወጣ።

«ስምንት ሰዓት ይተኛል ይላል። የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ። ውሸት ነው።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ያጠናውን እርስዎ ውሸት ነው ሊሉ ነው?»

ስንከራከር ባሌ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። ጸሐፊው በእስክሪብቶው አመለከተኝ።

«ይኸው፣ ቆሞም ይተኛል። የቀን ተራ ምን ያደርግለታል?»

ቀስቅሼ ወደ ቤት ወሰድኩት። የዚያኑ ዕለት ማታ እዚያው የሌሊት ተራው ላይ ገባ።