ደሴታችን ፈጣም ላይ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል አንድ የልጆች ታሪክ ገዛልኝ። ርዕሱ የተጻፈበት ቦታ እርጥበት በልቶት ስለነበር ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከክፉ አሳዳጊ ያመለጡ ሦስት ወንድምና እህቶች በጥቅጥቅ ጫካ ያልፋሉ፣ ወደብ ይደርሳሉ፣ በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሽፋኑ ላይ ትንሿ እህት ደሴቲቱ ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታለች።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የመጽሐፉን ዓለም በማውቀው አገር ላይ ሰፋሁት። ወደቡ ቡሬ ነበር። ወደ ነቀምት የሚወርዱት ከባድ መኪኖች መገንጠያው ላይ ተሰልፈው፣ ሾፌሮቹ ምሳ እስኪበሉ ሲጠብቁ ሳይ መርከቦቹ እነሱ ናቸው እል ነበር። ጫካው ከቡሬ ወጣ ብሎ አክስቴ በምትኖርበት ቀበሌ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው መንገደኛውን ዝም ብለው ይመለከቱታል። ደሴቲቱ ደግሞ ከደኑ በታች፣ ፈጣም ወንዝ መሀል ያለች ጠፍጣፋ አለት ናት። ሦስት ሰው ታስተኛለች። ከስንጥቋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሾላ በቅላለች። በበጋ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ተራምደን እንወጣባት ነበር።

ካደግሁ በኋላ መጽሐፉን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። አክስቴ ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ ያገኘቻት አንድያ ልጇ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዚያን ቀን ፍርሃቴን አንባቢ እንዲረዳልኝ ብዬ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቅሁ አክስቴ ዘንድ ሰነበትሁ። ልጅቷ ያኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ፣

"እታለም፣ ደሴቷ ጋ እንሂድ" አለችኝ።

አክስቴ ከምታበጥረው እህል ቀና አለች። "ወንዙ ገና አልጎደለም።"

"ዳር ዳሩን ነው እንጂ ውሃ አንገባም" አልኋት።

"አደራ ታዲያ።"

"ግድ የለሽም" ብዬ አደራዋን ተቀበልሁ። ውሃ አንገባም ያልኋት ዋሽቼ አልነበረም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን ፀሐይዋ ደምቃለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የውሃው ጠጠር ከታች ይታያል። ጥልቀቱን በዱላ ለካሁት፤ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል። የአገሩ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ እንደሚያደርጉትም ከውሃው ጠርዝ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ምልክት ድንጋይ አስቀመጥሁ። ውሃው ድንጋዩን ከነካው መውጣት ነው። ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ልክ እንደ መጽሐፉ ሽፋን ፎቶ ላነሳት ፈለግሁ። ከአለቱ ላይ ሆኖ ግን አልመች አለ። እሷን እዚያው ትቼ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ ይዤ ወደ ዳር ተመለስሁ።

"እጅሽን ዘርጊ! ቀና በይ!"

ዘረጋች። ሁለት ሦስት ጊዜ አነሳኋት። ከዚያ እጇን አወረደች።

"እታለም፣ ውሃው ደፈረሰ እኮ!"

አየሁት። እውነትም ቡናማ ሆኗል። ግን ከኛ ከፍ ብሎ መልካ አለ፤ ሰዓቱም ከብት ውሃ የሚወርድበት ነው። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ወንዙ ይደፈርሳል።

"ከብት ገብቶበት ነው!" አልኋት። "ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። አንድ ብቻ ቀረን፤ እጅሽን ዘርጊ!"

ምልክቴን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ደግሜ ስልኬን አነሳሁ። በስልኩ መስታወት ውስጥ፣ ከኋላዋ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ ትልቅ ቅርንጫፍ ሲንሳፈፍ ታየኝ። ከብት እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ አይገነጥልም። ወዲያው ከላይ በኩል እንደ ወፍጮ ቤት ያለ ድምፅ መጣ።

"ነይ! ውጪ!" ብዬ ጮህሁ። አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ስትከት ጎርፉ ደረሰ። ወደ ኋላ ዘልላ ሾላዋን አቀፈች። ድንጋዬ የት እንደገባ አላየሁም። ከደጋው ዘንቦ ኖሯል፤ በላያችን ያለው ሰማይ ግን አሁንም ጥርት እንዳለ ነው።

ጩኸቴን ሰምተው ከቡሬ ገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌና አማቻቸው፣ ጎልማሳ ገበሬ፣ ሦስት አህዮቻቸውን ትተው ሮጠው ወረዱ።

"ምን ልትሠራ ወጣች?" አለ ጎልማሳው።

"ፎቶ ላነሳት ብዬ…"

"ፎቶ? ሙሽራ ናት እንዴ?"

"ተወው አሁን፤ መጫኛውን ፍታ!" አሉት ሽማግሌው። እሱ ከአህዮቹ ጭነት ላይ የቆዳ መጫኛውን ሲፈታ፣ እሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ከበው ወደ አለቱ ተጣሩ። "አንች! ገበያው እኮ ከተፈታ ቆየ! እዚያ ላይ ማንን ትጠብቂያለሽ?"

ልጅቷ አለቀሰች።

"አታልቅሽ! ውሃው ይበቃል፤ አትጨምሪበት!"

በለቅሶዋ መሀል ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት። ሽማግሌው ግን እየሳቁ አልነበረም። ሦስቱን መጫኛ ቀጣጥለው እያንዳንዱን ቋጠሮ በእግራቸው ረግጠው ጎተቱት። ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰሩበት።

"ይጎድል ይሆናል፤ ትንሽ ብንጠብቅስ?" አለ ጎልማሳው።

ሽማግሌው ውሃውን አዩ። የበቆሎ አገዳ ከነሥሩ እያለፈ ነበር። "ይህ የፊቱ ነው። ዋናው ከኋላ ነው" አሉ። ውሃው የአለቱን ግማሽ ውጦታል።

ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ሳታገኘው ቀረ። በሦስተኛው ጎልማሳው ወደ ላይ ወጣ ብሎ ወረወረውና ውሃው ራሱ ወሰደላት። ያዘችው። ወገቧ ላይ መጠምጠም ጀመረች፤ መጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ወንድም ያደረገው እንዲያ ነው፤ እኔም አውቄዋለሁ።

"ወገብሽ ላይ አይደለም!" ጮሁ ሽማግሌው። "ብብትሽ ሥር! ሸምቀቆ እንዳታደርጊው፣ ያንቅሻል! የአህያ ጭነት እንደምታስሪ እሰሪው!"

ይህን ታውቃለች። እኔ የከተማ ልጅ አላውቀውም፤ እሷ ግን የአህያ ጭነት ስንት ጊዜ አስራለች። በትክክል አሰረችው። ሾላዋን ግን አልለቅም አለች። ሽማግሌው ለመኗት፣ ተቆጧት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንች ጥሪያት። የምታውቀው ያንችን ድምፅ ነው።"

"ልቀቂው!" አልሁ። "እንጎትትሻለን!"

"ከብት ነው ብለሽኝ ነበር!" ብላ ጮኸችብኝ።

ውሃው ጉልበቷን አልፏል።

"ተሳስቻለሁ!" አልኋት።

"አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?"

እርግጠኛ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። "አይደለሁም!" አልኋት። "ግን መጫኛውን ሦስታችንም ይዘነዋል! አንለቅሽም!"

አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሾላዋን ለቀቀች።

ወዲያው ከእይታዬ ጠፋች። የረጠበ ቆዳ ያዳልጣል፤ መጫኛው ከመዳፌ እየሾለከ ሄደ፤ በክንዴ ላይ ጠመጠምሁት። ሽማግሌው ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው "ሳብ! ሳብ!" ይላሉ። ጭንቅላቷ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ተመልሶ ሰመጠ። ከቆምንበት በጣም ዝቅ ብሎ ውሃው ወደ ዳር ገፋት፤ ጎልማሳው ሮጦ በቀሚሷ ይዞ አወጣት። በሆዷ አስተኟት። አሳላት፤ ጭቃ ውሃ ተፋች፤ ከዚያ እናቷን ጠራች።

ሽማግሌው ከኮሮጇቸው አንድ ጭብጥ ቆሎ አውጥተው አፏ ውስጥ ጨመሩላት። "አላምጪ" አሏት። አገጯ እየተንቀጠቀጠ አላመጠች። መንቀጥቀጡ እስኪቆም ከአጠገቧ አልተነሱም። ወደ አለቱ ስመለከት የሾላዋ ጫፍ እንኳ አይታይም።

"እኔው እወስዳታለሁ አባባ፣ ደክመዋል" አልኋቸው።

"የለም። ከውሃ ያወጣሁትን በእጄ ነው የማስረክብ።"

አህዮቹን ለአማቻቸው ትተው እጇን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ። እኔ ከኋላ ተከተልሁ። ያን ያህል ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። አክስቴን ምን እንደምላት አሰብሁ፤ ሁሉም ማመካኛ ሆነብኝ።

አክስቴ ከደጅ ቆማ ነበር። የልጇን ጸጉር አየች፣ የማታውቃቸውን ሽማግሌ አየች፤ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

"አይዞሽ ልጀ፣ ተርፋለች" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ልጅ ናት፤ ወንዝ ዳር አንዳንዴ እግር ያዳልጣል።"

ለእኔ ብለው እንደተናገሩት ገባኝ። መንገዱን ሁሉ አንድም ቃል ሳይወቅሱኝ መጥተው አሁን መውጫ በር ከፈቱልኝ። ዝም ብል ያልፍ ነበር።

"አላዳለጣትም" አልሁ። "እኔ ነኝ ያሻገርኋት። ፎቶ ላነሳት ብዬ ብቻዋን ትቻት መጣሁ። ውሃው ሲደፈርስ ነግራኝ ነበር፤ ከብት ነው አልኋት።"

አክስቴ ልጇ ፊት ተንበርክካ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ መጫኛው የላጠውን ብብቷን፣ ጉልበቷን እያንዳንዱን በእጇ ዳሰሰች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

እንደምትመታኝ ስላወቅሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። እጇ ጉንጬ ላይ አረፈ። ወደ ትከሻዬ ወረደ፤ ወደ ክንዴ፤ መጫኛው ወደላጠው መዳፌ። እኔንም አንድ በአንድ ትዳስሰኝ ጀመር።