እማዬ የማትገዛው ብረት

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሀና ማርያም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከጀርባዬ ካለው ብየዳ ቤት መዶሻ ብረት ሲመታ ሰማሁ። የተቃጠለ ብረት ሽታም ተከትሎ መጣ። በቃ፣ በሐሳብ ወደ ሰባት ዓመቴ ተመለስኩ!

ያኔ አባዬ ላፍቶ በነበረው ብየዳ ቤቱ፣ አፈር የሚዝቀውን የሎደር ባልዲ የሚሸከም ወፍራም ብረት በይዶ በሰንሰለት አንጠልጥሎት ነበር። የሎደሩ ሹፌር ቶሎሳ ደግሞ ከችኮላው የተነሳ አንድ ቦታ መቆም አልቻለም።

«ጋሼ፣ ሥራው ቆሞ እየጠበቁኝ ነው! አምሮበታል፣ ልውሰደው።»

እማዬ ሸክላ ድስት የምትገዛው በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁ ጥርት ካለ ብቻ ነው። እኔም መዶሻውን አንስቼ ብረቱን መታ አደረግሁት። ድም አለ፤ የታፈነ ድምፅ።

«አባዬ፣ ይሄ ድስት ቢሆን እማዬ አትገዛውም።»

ቶሎሳ በሳቅ ፈነዳ። «ደግሞ ድስት አመጣሽብኝ፣ እማማ!»

አባዬ ግን አልሳቀም። ራሱ መታው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ ብየዳውን በግራይንደር ፋቀው። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብቅ አለ።

«ባልዲው ሰው ላይ ቢወድቅ ኖሮስ?» አለ ቶሎሳ፣ ሳቁ ጠፍቶ።

«ብረት አይዋሽም፤ የሚያስዋሸን ችኮላችን ነው» አለ አባዬ።

ነገሩ አልገባኝም፤ ብረት ከእኔ ጋር ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። እንደገና ተበይዶ ሲቀዘቅዝ አባዬ መዶሻውን ለእኔ ሰጠኝ። ስመታው ጥንንን አለ! ቶሎሳ አጨበጨበ።

ዛሬ ታክሲው ሞልቶ ሄደ። እኔ ግን የዚያ ብየዳ ቤት መዶሻ ጥንንን እስኪል ንቅንቅ አላልኩም። ይሄንንስ እማዬ ትገዛዋለች።