መርዶ ያልመጣለት ለቅሶ

ባሌ በሕይወት አለ። ደዶ ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር ድንች ይነግዳል፤ ደህና አድርጎ ወፍሯል አሉ። እኔ ግን በየዓመቱ፣ በአምስቱ ዓመት ወረራ የወደቁት አርበኞች በሚታሰቡበት ዕለት፣ ጅማ አደባባይ ላይ ጥቁር ለብሼ የአርበኛ ሚስት ሆኜ አለቅሳለሁ። መጀመሪያ የተጠራሁት ልብሱን እንድሰፋ ነበር። እዚያው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የበዓሉ አስተባባሪ መጥቶ አሥራ ሁለት ጥቁር ቀሚስ አዘዘኝ። የተገኘው አሥራ አንድ ሴት ብቻ ሆነና «ትርፉን አንቺው ግቢበት» አለኝ። ባሌ ሳይሞት ባል የሞተባት የሆንኩት እንዲህ ነው።

ሴት የጠፋው ያለ ነገር አይደለም። ባሏ ቆሞ እየሄደ ማንም ጤነኛ ሴት ጥቁር አትለብስም፤ ሟርት ነው። ስለዚህ የምንሰበሰበው ያላገባን፣ የፈታን፣ ወይም እንደ እኔ ባላችን ቢሞት ብዙም ቅር የማይለን ነን።

አስተባባሪው ስለ ሐዘን የሚያውቀው ከፊልም ነው። ፊታችንን በስስ ጥቁር ሻሽ እንድንሸፍን ፈለገ። የእኛ ሰው ሲያዝን ነጠላውን ነው የሚያዘቀዝቀው፤ ሙስሊሟም ብትሆን ባሏ ሲሞት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ አደባባይ ወጥታ ደረት አትደቃም አልኩት። «እሱ ለካሜራ አይሆንም» አለኝ። ከዚያ በቀበሌው አዳራሽ አሰልፎ በእጁ ምልክት እየሰጠ ያስለቅሰን ጀመር። እጁ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ፤ ራዲዮ ነን እንዴ? ናቅሁት፣ ከልቤ ናቅሁት። ግን ጥዬው አልወጣሁም፤ አማሁት እንጂ።

ዘንድሮ አንዷ ቀረችና በቦታዋ አዲስ ሴት መጣች። የሊሙ ገነት ልጅ ናት፤ ጅማ የቡና መጋዘን ውስጥ ብልሹውን ፍሬ ከደህናው ስትለቅም ትውላለች። በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን የአስተባባሪው እጅ ሳይነሳ አለቀሰች፤ እጁ ሲወርድም አላቆመችም። «ይሄ ነው ተሰጥኦ!» አለ የኛ አዋቂ። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በልክ የተሰፋውን ከተዋሱት እለያለሁ። ቀሚሷን በልኳ ሳጠብብላት ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ባሌ ወታደር ነው» አለችኝ። «ወደ ጦርነቱ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አብረውት የሄዱት ሲመለሱ ዓይኔን ማየት ፈሩ። አፉን ሞልቶ የሚነግረኝ ግን የለም።»

«ታዲያ አላለቀስሽም?»

«አማቴ መቼ ያስለቅሱኛል! መርዶ ሳይመጣ ካለቀስሽ ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል። ያ ረቢ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ነው! እዚህ በሰው ሟች ላይ ባለቅስ ማን ያውቅብኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ማንም አያውቅባትም ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ አስተባባሪውን ጠርቼ «ያቺን ከፊት አቁማት፣ ማይክራፎኑ አጠገብ፤ የእሷ ለቅሶ የእውነት ነው» አልኩት። ለምን? ዝግጅታችን እንዲያምር። እሱን ስንቀው የኖርኩት ሴትዮ ይህን አልኩ።

በዕለቱ የክብር እንግዳው ሦስት ሰዓት ዘገየ። በመጨረሻ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ብቅ ሲል የአስተባባሪው እጅ ተነሳ፤ እኛም ያለ የሌለ እንባችንን አፈሰስን። ከመኪናው የወረደው ግን የፕላስቲክ ወንበር የጫነ ሹፌር ነው። ዋናው እንግዳ ሲደርስ አሥራ አንዳችን ደርቀን ውሃ እየጠጣን ነበር። እሷ ብቻ የጀመረችውን አላቆመችም። እንግዳው ፊቷ ቆሞ አንገቱን ሲደፋ የባሏን ስም ጠርታ ጮኸች፤ ማይክራፎኑም ተቀብሎ ለአደባባዩ ሁሉ አሰማ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለለቅሶ የሚያጨበጭብ ሰው ያየሁት እዚያ ነው።

አንድ የሊሙ ነጋዴ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ፣ ቪዲዮው ሳይመሽ ሊሙ ገነት ደረሰ። አማቷም አዩት። እሳቸው ያዩት ግን ትያትር አይደለም። ባንዲራ ዝቅ ብሏል፣ ባለሥልጣን አንገቱን ደፍቷል፣ ምራታቸው በመንግሥት ማይክራፎን ልጃቸውን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። መርዶ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? በማግስቱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ምራትየዋንም ሰው ልከው ከጅማ አስመጧት።

ይህን ስሰማ ወደ አስተባባሪው ሮጥኩ። ሄደህ ንገራቸው፣ ከመንግሥት የመጣ ምንም ቃል የለም በላቸው አልኩት።

«ዝግጅቱ በስኬት ተጠናቋል» አለኝ። «የግለሰብ ቤተሰብ ጉዳይ ኮሚቴውን አይመለከትም።»

አያቶቻችን አልቅሰው ለጨረሱለት ሟች ካላለቀሳችሁ ብሎ የሚቆጣን ሰው፣ ለዛሬው ሟች ጊዜ የለውም። ምላሱ ይድረቅ! ሚኒባስ ተሳፍሬ ብቻዬን ሊሙ ገነት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ሰውየው በሕይወት ቢኖርስ? ነገ በዚያ በር ቢገባስ? እውነቱን ተናግሬ፣ ቢረግሙኝም ተረግሜ እመለሳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ስደርስ ዱዓው አልቋል፤ ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ምራትየዋ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል፤ ግን ልምምድ ላይ ሳያት የነበረው ጭንቀት ከላይዋ ወርዷል። አየችኝና አቀረቀረች፤ ተናገሪም አትናገሪም አላለችኝ። አማቷ ሁለቱንም እጆቼን ያዙ።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አብረሻት ነበርሽ አሉኝ» አሉ። «ሲያረዷት ሰምተሻል። ልጄ ተሰቃይቷል?»

ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«የለም፣ እናቴ» አልኳቸው። «ወዲያው ነው አሉ።»

«ማን ቀበረው?»

«ጓደኞቹ። በክብር ቀበሩት አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና እጄን ሳሙኝ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር «እሷ ናት የሰማችው፣ ንገሪያቸው» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ለሦስተኛዋ ሴት የወደቀበትን ኮረብታ ጨመርኩላት። ሊመሽ ሲል ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እናቱን እየጠራ ነው የሞተው አልኩ።